የድፍርስ ባንድ የሬሳ ሣጥን

ባለፈው ሰሞን ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ሚኒባስ ተሳፍሬ ስመጣ ሾፌሩ የሆነ ነገር ነካ አደረገና በስፒከሩ የዕድር ጡሩንባ ተነፋ። ያ ጎህ ሳይቀድ ሲነፋ ሰው ሁሉ ከአልጋው ዘሎ «ማን ሞተ?» የሚልበት ጡሩንባ! አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሦስቴ አማተቡና «ኧረ ዝጋው አንተ ልጅ! በጠዋቱ ምን ዓይነት ሟርት ነው?» ብለው ጮኹበት። ሾፌሩ እየሳቀ «ዘፈን እኮ ነው እናቴ! ድሮ የወጣ ነው። ኦርጋኑ ይግባና ይስሙት» አላቸው። እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ። ኦርጋኑ ከመግባቱ በፊት ጡሩንባው ሦስት ጊዜ እንደሚነፋ አውቃለሁ። ከሦስተኛው በኋላ ወንድሜ ለሚ በለሆሳስ «ስሜን ማን ጠራው?» ይላል። ያችን ድምፅ እዚያ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ልሰማት አልቻልኩም። «ወራጅ አለ!» አልኩ። ሾፌሩ «እማማ፣ ሰበታ እኮ ገና ነው!» ቢለኝም አልሰማሁትም፤ ወርጄ የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ዕድሜ ደግሞ ይሄ ነው ክፋቱ፣ አንዴ ትዝ ማለት የጀመረ ነገር ማቆሚያ የለውም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አስካለ እባላለሁ፤ የሰፈሩ ሰው እትዬ አስካለ ይለኛል። ሰበታ ላይ ከወንዙ ትንሽ ገባ ብሎ ባለችው ሱቄ ውስጥ በአንዲት የእግር መኪና ሠላሳ ምናምን ዓመት ሰፍቻለሁ። እናታችን ስትሞት ለሚ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት። «አስካለ፣ ይሄን ልጅ አደራ» ብላ እጁን እጄ ላይ አድርጋልኝ ነው የሄደችው። እህቱ ልሁን እናቱ ሁለታችንም ለይተን ሳናውቀው አደገ። እሱ «እታለም» ይለኛል፤ ያንን ቃል ደግሞ የሆነ ነገር ሲፈልግ ነው አሳምሮ የሚጠራው ሞላጫ!

ባንዱን የመሠረተው ከመርክነህ ጋር ነው። መርክነህ ከደቡብ ለሥራ መጥቶ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል የተቀጠረ ጴንጤ ልጅ ነው። ኦርጋን መምታት የተማረው በቤተ ክርስቲያኑ ነው። ጣቶቹ እንደ ቀኑ ይለዋወጣሉ፤ ሰኞ ሰማያዊ፣ ረቡዕ ቀይ፣ ዓርብ አረንጓዴ። ቤተ ክርስቲያኑ ዓለማዊ ዘፈን ስለማይፈቅድለት «ዘፈን አይደለም እትዬ አስካለ፣ ታሪክ ነው የምንተርከው» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። ለሚ ደግሞ ተማሪ ሳለ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ አገሩ ሲገባ ጥሎለት የሄደ የካሴት ካርቶን ነበረው። ሁለቱ እሱን ቴፕ ላይ አድርገው ሱቄ ውስጥ ቁጭ ይላሉ። አንዱ ዘፈን ብቻውን ሃያ ደቂቃ! ይሮጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ሌላ ይሆናል። «ቆይ ለሚ፣ ይሄ ሰውዬ መዝፈን የሚጀምረው መቼ ነው?» እለዋለሁ። «ፕሮግሬሲቭ ሮክ ነው እታለም፣ አይቸኩልም» ይለኛል። አይቸኩልም! እኔ እዚያ ሦስት ሱሪ አሳጥሬ እጨርሳለሁ፣ ሰውዬው ገና አልጀመረም።

ስማቸውን «ድፍርስ» አሉት። አባቴ ሲሰማ «የሰው ልጅ ራሱን ድፍርስ ብሎ ይጠራል? ጥሩ ስም ጠፍቶ?» ብሎ ተቆጣ። እነሱ ግን ከወንዛችን የወሰዱት ነው። በዚያን ጊዜ ወንዙ ከላይ ከፋብሪካው በመጣለት ቀለም ነበር የሚውለው። የመርክነህን ጣት አይቶ የወንዙን መልክ መገመት ይቻል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የመጀመሪያው ካሴታቸው ስለዚያው ወንዝ ነው፤ አንድ ገጽ አንድ ዘፈን፣ ሰባት ክፍል፣ ለሳምንቱ ቀን ለእያንዳንዱ አንድ ቀለም። ዋጋው አሥራ ሁለት ብር ነበር። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም በሚጠጣበት ጊዜ አሥራ ሁለት ብር ቀላል አልነበረም። ካሴት ቤቱ ሰውዬ አገላብጦ አየና «ሁለት ዘፈን ብቻ? የቀሩት ስምንቱ የት ሄዱ?» አለ። ለሚ «እዚያው ውስጥ ናቸው» አለው። ሰውዬው ግን መደርደሪያው ታች፣ ከቆሻሻ መጥረጊያው አጠገብ ነው ያስቀመጠለት።

መድረክ ላይ ግን ሌላ ነበሩ። እዚያ ላይ እኔም እጄ አለበትና ዝም ብዬ አላልፈውም። ሠላሳ ሜትር አቡጀዲ መርክነህ በሰባት ቀለም ነክሮልኝ ወንዝ ሠራሁላቸው። ዘፈኑ መሃል ላይ ያንን ጨርቅ በተመልካቹ አናት ላይ ከመድረክ እስከ በር ይዘረጉታል፤ ሰፊ ጂንስ የለበሱት ጎረምሶች ከሥሩ ሆነው እጃቸውን ሽቅብ እየሰደዱ ያንቀሳቅሱታል። ለሚ ሰባት ሸሚዝ ደራርቦ ይወጣና በየክፍሉ አንድ አንድ እያወለቀ በመጨረሻ በነጭ ካናቴራ ይቀራል። ሱሉልታ አንድ የገለባ መጋዘን ውስጥ ሲያሳዩ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበርና ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ነው ያየው። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ መድረኩን ሲሸፍነው «እንዴት ያለ ጭስ ነው የለቀቁት!» እያለ አጨበጨበ። ለሚ እንዳልለቀቀው አልተናገረም። እኔ ከመጋረጃው ኋላ መርፌና ክር በአፌ ይዤ ስስቅ ልውጠው ነበር። ደጉ ዘመን ማለት ለእኔ ያ ነው።

ሁለተኛው አልበም የወጣው ካሴት እየሞተ ሲዲ በሚገባበት ሰዓት ነው። ጡሩንባው ያለበት እሱ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አንድ የዕድር ጡሩንባ ነፊ ጉንፋን ይዞት ሐሳቡ ሲበተን የሟቹን ስም ይሳሳትና በሕይወት ያለ ሰው ስም ይጠራል። ሰውዬው ከማሳው ሲመለስ ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሎ ሕዝብ ይላቀሳል። «እኔ አለሁ» ሊል ሲል ስለ እሱ የሚባለውን ይሰማል። ደግነቱ፣ ጨዋነቱ፣ በቁሙ ማንም ያላለው ነገር ሁሉ ይወራል። ይጥመውና ይደበቃል። መጨረሻ ላይ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ ሊቀብሩት ሲያነሱት ክዳኑን ከፍቶ ብድግ ይላል። ሰው በሣቅ ይፈነዳ ነበር። ድንኳኑና አግዳሚው ከእውነተኛ ዕድር የተዋስነው ነው። ጡሩንባውን ራሱ የሰፈራችን ነፊ ነው የቀዳልን፤ ለውለታው ኮት ሰፍቼለታለሁ።

ሣጥኑን ግን ማን ይሥራው? አናጢው «ለማን ነው?» ሲል ለሚ «ለእኔ» አለው። ሰውዬው ልኩን የወሰደው እያማተበ ነው። ማጠፊያው የበር ማጠፊያ ነው፣ መቀርቀሪያው ደግሞ በውስጥ በኩል፣ የተኛው ሰው ራሱ እንዲከፍተው። አባቴ ሲያየው ከለሚ ጋር አንድ ወር ሙሉ አልተነጋገረም። እኔም ሳልወድ በግድ ነው ውስጡን በቀይ ከፋይ የለበጥኩት። ጥሩ አድርጌ ለበጥኩት ግን። ሥራዬ ነዋ።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። ዓመቱን አልጠራም፤ የነበረ ያውቀዋል። መጀመሪያ ከተማው በገበሬው መሬት ላይ ይሰፋል የሚል፣ «ማስተር ፕላን» የሚሉት ወሬ በየቤቱ ገባ። ቀጥሎ አባቴ ማሳው ጫፍ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ አገኘ። ማን ተከለው? ማንም አያውቅም። አባቴ ችካሉን አልነቀለውም፣ ፈራ። በየቀኑ እየሄደ ያየውና ይመለሳል፤ እህልም አልበላ አለው። ከዚያ መንገድ በድንጋይ መዘጋት ጀመረ፣ የጎማ ቃጠሎ ሽታ ከሰፋሁት ልብስ አልወጣ አለ፣ ስልክ ይጠፋል፣ ሱቅ ይዘጋል። ልጆች ይወሰዳሉ። ወጣት ያለበት ቤት እናት በምሳ ሰዓት ልጆቿን ትቆጥራለች፣ በእራት ሰዓት ደግማ ትቆጥራለች። እኔም የምቆጥረው አንድ ነበር። ለሚ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አሥር ደቂቃ ከቆየ መቀሱ ከእጄ ይወድቃል። ሰው ሰላም እያለኝ ስሙ ይጠፋኛል። ፍርሃት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

አንድ ሰሞን ጋብ አለ። ያኔ ነው ለሚ «እታለም፣ ቡራዩ አዳራሽ ተገኝቷል፤ ሁለተኛውን አልበም ሙሉውን እናሳያለን» ብሎ የመጣው።

«አብደሃል? በዚህ ጊዜ የሬሳ ሣጥን ይዘህ?» አልኩት።

«ሰው ፈርቶ ፈርቶ አለቀ እኮ! አንድ ቀን በሞት ላይ ይሳቅበት። ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው የሠራነው?»

«እኔ እማዬን ምን ልላት ነው?»

«ሄዶ ተመለሰ በያት» አለኝና አገጬን ያዝ አድርጎ ሳመኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ቅዳሜ ነበር። ትዕይንቱ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጊታሩና ከበሮው ከሌሎቹ ልጆች ጋር በጠዋት ሄዷል። ለእኛ የቀረው የመድረኩ ዕቃ ነው፤ ሣጥኑ፣ የዕድሩ ድንኳንና አግዳሚዎች። የሰፈራችን ሾፌር ኦቦ ቶሎሳ በአይሱዙ የጭነት መኪናው ሊወስደን ደጄ ላይ አቆመ። ለሚና መርክነህ የለቀስተኛውን ልብስ በሻንጣ ሊያደርጉ ሲሉ እኔ ተቆጣሁ። «ሌት ተቀን በካውያ የተኮስኩትን ልብስ ልታጨማድዱብኝ? አዳራሹ መቀየሪያ ክፍል የለውም ብላችሁኛል፣ ከዚሁ ለብሳችሁ ውጡ!» አልኳቸው። እኔም አልቃሽ ሆኜ መድረክ ላይ ስለምቀመጥ ጥቁሬን ለበስኩ፣ ጥለቱ ጥቁር የሆነ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ታጠቅሁ። ለሚ ፊቱን አመድ ቀባ ቀባ አደረገ። ያችን «ለብሳችሁ ውጡ» የምትለዋን ቃል የተናገርኳት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም። ኦቦ ቶሎሳ «አስካለ፣ ጋቢና ግቢ» ቢለኝ እንኳ ልብሳቸውን ልጠብቅ ብዬ ከኋላ ከእነሱ ጋር ወጣሁ።

በዓለም ገና፣ በአየር ጤና፣ በአስኮ አድርገን ምንም ሳንሆን ሄድን። ሣጥኑ በሸራ ተሸፍኖ በገመድ ታስሯል። ቡራዩ መግቢያ ላይ ፍተሻ አስቆመን። ወታደሮቹ ገመዱን ለመፍታት ጊዜ አላጠፉም፣ በቢላ ቆረጡት። አንዱ ክዳኑን በጠመንጃው አፍ ገፋ አድርጎ አየና «ባዶ ነው። ለማን ነው?» አለ። ለሚ፣ ያ ምላሱ የማያርፍ፣ «ለእኔ» አለው። ወታደሩ ሊስቅ ሲል ፊቱ ላይ ያለውን አመድ አየና ሣቁ ጠፋ። «ሂዱ ከዚህ!» አለን። ገመዱ ተበጣጥሷል፤ ሸራው በነፋስ እየተገለበጠ አልያዝ ሲለን ጠቅልለን ከሥራችን አደረግነው። ሣጥኑ እርቃኑን ቀረ። ችኮላ ነው፤ ማናችንም ምንም አላሰብንም።

እኛ አገር የሬሳ ሣጥን በመንገድ ሲያልፍ ቆሞ የሚያይ የለም። ባታውቀውም ባርኔጣህን አውልቀህ ጥቂት እርምጃ ትሸኘውና ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ አህያቸውን አቁመው ተከተሉን። ቀጥሎ ከአትክልት ተራው ሦስት ሴቶች። ቀጥሎ የባጃጅ ሾፌሮች ሞተር አጥፍተው ወረዱ። እኔ በሆዴ «አሁን ይመለሳሉ፣ አሁን ይመለሳሉ» እላለሁ። የሚመለስ ጠፋ! በዚያ ሰሞን ስንቱ ልጁን ሳይሸኝ ቀርቷል መሰላችሁ። ሁሉም የራሱን ሟች የተሸከምንለት ይመስል ከኋላችን ተሰለፈ። «ኤኙቱ ዱኤ?» ይላል አንዱ፣ «ማን ነው የሞተው?» ይላል ሌላው። ከመሃል አንዱ «ከሰበታ የመጣ ልጅ ነው» ሲል ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ልጁ ተማሪ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ስም ወጣለት። የሴቶቹ ለቅሶ ሲነሣ ላብ አጠመቀኝ።

በጋቢናው የኋላ መስኮት «ኦቦ ቶሎሳ፣ ፍጠን!» አልኩት። «አንቺ ሴት፣ ሬሳ ጭኖ የሚሮጥ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ጋዝ ብረግጥ በድንጋይ ይጨርሱኛል» አለኝ። መመለሻ የለም፣ መንገዱ ከኋላ ሞልቷል። ከፊት ደግሞ ድልድዩ አለ፤ ድልድዩ ላይ ሌላ ጓድ ወታደር ቆሟል፤ እነዚህ የፈተሹን አይደሉም፣ አያውቁንም። ይሄን ሁሉ ሕዝብ እየመራን ወደ ጠመንጃው የምንወስደው እኛ ነን። መርክነህ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ የትናንቱ አረንጓዴ ጣቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል።

«ልንገራቸው» አለ ለሚ።

«ዝም በል! በባዶ ሣጥን አስለቀስናችሁ ብትላቸው ቆራርጠው ነው የሚጥሉህ!»

«ካልነገርናቸውስ? እዚያ ድልድይ ላይ ስንት ሰው ነው የሚወድቀው?»

ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩት። ፊቱን ሳየው ግን ከጠመንጃው የባሰ ነገር አየሁ፤ ዛሬም ስናገረው ያንገበግበኛል። ወንድሜ ዓይኑ በርቷል። ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቅሳል፣ ቀና ብሎ እሱን ያያል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ተመልካች ኖሮት አያውቅም። ለአፍታ ነው፣ የአንድ ትንፋሽ ያህል፤ ራሱም ታውቆት መሰለኝ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እማዬ፣ ልጅሽን ዛሬ ወደ ቤት አልመልሰውም» አልኩ በልቤ።

እንዲህ ሆነን ድልድዩ ጋ ልንደርስ መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረን ከአንድ የጭቃ መንገድ አንዲት ሴትዮ እየሮጠች ወጣች። ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል፣ አንዱ እግሯ ጫማ የለውም። ሰው መንገድ ለቀቀላት፤ የሚያውቋት ይመስላል። የመኪናውን ጎን በሁለት እጇ ይዛ ትጎተት ጀመር። ኦቦ ቶሎሳ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ያኔ ስሟን አላወቅኩም፤ በኋላ ነው አዴ ጫልቱ መሆናቸውን የሰማሁት። ልጃቸው ገመቹ ከቤት ከወጣ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር።

«ልጄ ነው?» አሉኝ። አለመጮሃቸው ነው የከፋው። «ማሎ፣ እባክሽ፣ ፊቱን አሳዪኝ። አልጮህም። ፊቱን ብቻ።»

በድልድዩ በኩል ማጉያው «መኪናውን እንዳታንቀሳቅሱ! ሕዝቡ ይበተን! ይሄ የመጨረሻ ነው!» አለ። የጠመንጃ ማቀባበያ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ከኋላችን ያለው ሕዝብ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፋ። ለሚ ነው ቀድሞኝ ጎንበስ ያለው። «ሐርሜ ኮ፣ እናቴ፣ ልጅዎ የለበትም። ባዶ ነው» አላቸው።

«አትዋሸኝ።»

«ባዶ ነው። የቲያትር ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው።» ይሄን ሕዝቡ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፤ ከዚያ ክዳኑን ወደ ኋላ ገለበጠው።

ቀይ ከፋዬ በፀሐዩ አበራ። ያ ሁሉ ለቅሶ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። አዴ ጫልቱን መርክነህ እጃቸውን ይዞ ወደ ላይ አወጣቸው። ተንበረከኩና በሁለት እጃቸው ከጥግ እስከ ጥግ ዳሰሱት፤ ከራስጌው እስከ ግርጌው፣ ከሥር፣ ከጎን፣ የጠፋ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው። ሁለት ጊዜ ዳሰሱት። ከዚያ ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና እልል አሉ! በጥቁር ልብሳችን መሃል፣ ያ ሁሉ ጠመንጃ እያየ፣ እልል! «ዱዋ ዳ! ባዶ ነው! ገመቹዬ የለበትም!» አሉ። ከሕዝቡ መሃል አንዲት ሴት ተቀበለቻቸው፣ ሌላዋም ተከተለች፤ እናቶች ናቸው፣ ሁሉም ልጃቸውን የሚጠብቁ። ወታደሮቹ ይሄን ምን ይበሉት? ለቅሶ ሲጠብቁ እልልታ መጣባቸው። አለቃቸው ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ መጣ፣ ሣጥኑን አየ፣ እኛን አየ፣ «ወደ መጣችሁበት ተመለሱ፣ አሁኑኑ» ብቻ አለ። ሕዝቡም ሁለት ሁለት ሆኖ ተበተነ። አንድ ጎልማሳ ሰው መኪናው ላይ ወጥቶ «በሞታችን ትቀልዳለህ?» አለና ለሚን በጥፊ አጮለው። ለሚ እጁን እንኳ አላነሣም። ያን ቀን ጥይት አልተተኮሰም። ወንድሜን በሕይወት ወደ ቤቴ መለስኩት።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ቅዳሜ ሱቄ ውስጥ ቁልፍ ስተክል በሩ ጨለም አለ። ቀና ስል አዴ ጫልቱ ናቸው፣ ከቡራዩ ተነሥተው ሰበታ ላይ ‘የቲያትር ሣጥን ያላቸው’ እያሉ ጠይቀው መጥተዋል። «አከም ጂርታ» አሉኝ፣ ሰላምታውን ሳልጨርስ «ሣጥኑ አለ?» አሉ። ጓዳ ወሰድኳቸው። «ክፈቺልኝ» አሉ። ከፈትኩላቸው። እንደዚያን ቀን አድርገው ከጥግ እስከ ጥግ ዳሰሱት። «ዛሬም የለም። ተመስገን» አሉና ውሃ ጠጥተው ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጡ። በሚቀጥለውም። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ «እማማ፣ ይሄ እኮ ተራ ጣውላ ነው፣ ምን ያደክምዎታል?» አልኳቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ጣቢያ ሄጄ ‘አናውቅም’ አሉኝ። ሐኪም ቤት ሄጄ ‘አናውቅም’ አሉኝ። ‘የለም’ ብሎ ከፍቶ ያሳየኝ ይሄ ብቻ ነው።»

ድፍርስ ባንድ በዚያው ቆመ። ለሚ እሳቸው ሲመጡ ኋላ ቤት ይደበቃል። «ልምምድ ብዬ ልተኛበት እችላለሁ? እሳቸው መጥተው ቢከፍቱትስ?» አለኝ አንዴ። ከዚያ በኋላ አልገባበትም። መርክነህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ተመለሰ፤ ለሚ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምራል። «እናቃጥለው» ብሎኝም ነበር። «ሴትዮዋ ቅዳሜ ይመጣሉ» አልኩት፣ ተወው።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ አልመጡም። ዝናብ ነው አልኩ። በሚቀጥለውም ቀሩ። ሦስተኛው ላይ ሥራ አልያዝልኝ አለ፣ በሩን ሳይ ዋልኩ። ገመቹ መጥቶላቸው ይሆናል፤ ልጇን አቅፋ የተቀመጠች እናት የእኔን ሣጥን ምን ታደርገዋለች? ወይም ደግሞ... ቡራዩ ሩቅ አይደለም፤ ሁለት ታክሲ ነው። ቤታቸውንም ነግረውኛል፤ ከአትክልት ተራው ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር። ልሄድ ለብሼ ወጥቼ ታክሲ መያዣው ድረስ የደረስኩበት ቀን ብዙ ነው። ፈራሁ። እዚያ በር ላይ ቆሜ የሚመጣልኝን መልስ ፈራሁ። ይኸው ስንት ዓመት ሆነ፣ አልጠየቅኩም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ጓዳ ገብቼ ክዳኑን አነሣለሁ፤ በሁለት እጄ ከጥግ እስከ ጥግ እዳስሰዋለሁ። ለሚ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ አገኘኝ፤ ጢሙ ሸብቷል። «እታለም፣ ምን እየፈለግሽ ነው?» አለኝ። «ምንም። ባዶ መሆኑን ነው» አልኩት። መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከና እሱም እጁን ሰደደ።